«ስክሪን እንዳይቃጠል» ብላችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ደሴ ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ ተማሪዎች፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ቤት ዊንዶውስ ሊያስጭን የሄደን ሰው 600 ብር ተጨማሪ እያስከፈለ ነው። ምክንያቱ «ስክሪንህ እንዳይቃጠል» የሚባልለት ስክሪን ሴቨር የሚባል ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙን የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አየሁት። ትንሽ ሳይነካ ሲቆይ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ ነጭ መስመር ይመጣል። መስመሩ ተጠማዞ የሰው ፊት ይሆናል። አፍንጫው ይረዝምና ፊቱ ወፍ ይሆናል፣ ክንፏ ይታጠፍና ዓሣ ትሆናለች። ማማሩስ ያምራል። ስክሪን ግን አያድንም።

ስክሪን ሴቨር የሚጠቅመው ለድሮዎቹ ወፍራም ሞኒተሮች ነበር። የእነሱ መስታወት ከውስጥ በኩል ፎስፈር የሚባል የሚያበራ ቅብ ተቀብቷል። አንድ ምስል ሳይንቀሳቀስ ብዙ ከቆየ ቅቡ እዚያው ላይ ይደክምና የምስሉ ጥላ ይቀራል። አሁን የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ኤልሲዲ ነው፣ የሚያበራው ከኋላው ያለ መብራት ነው። ስዕሉ ሲንቀሳቀስ መብራቱ አይጠፋም፤ ባትሪም ይበላል። ኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራ) ያላችሁም ብትሆኑ የሚሻለው በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይጥፋ ማለት ብቻ ነው። መስመር ሲጨፍር ማየት ለሚወድ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ «ሚስቲፋይ» የሚባል አለ፣ በነጻ።

እኔን ያናደደኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ቤቱ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከፍላሽ ከመጫኑ በፊት አንቲቫይረሱን አጠፋው፣ መልሶም አላበራውም። የስክሪን ሴቨር ፋይል ስሙ በኤስ ሲ አር (.scr) ያልቃል። ስዕል ይመስላል እንጂ እንደማንኛውም ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን መሥራት ይችላል። ቫይረስም በዚህ ስም ተደብቆ ሲገባ ኖሯል። የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበት ላፕቶፕ ነው እኮ! ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ ስዕሉ ላይ «ሙከራው አልቋል» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ተመልሳ ስትሄድ ፕሮግራሙን ለሚከፍተው የቁልፍ ኮድ ሌላ ብር ጠየቋት።

ያስጫናችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አንቲቫይረሱን አብሩና ሙሉ ስካን አድርጉ፣ ስክሪን ሴቨሩንም ከኮምፒውተሩ አስወግዱት። ሲስተሙ ላይ ሌላ ምን እንደተነካ ከተጠራጠራችሁ የምታምኑት ባለሙያ ይየው። ገና የምትሄዱ ከሆነ ምን እንደሚጫን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ደረሰኙን ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ። እኛም ልንሄድ ነው፤ የደረሰባችሁ ካላችሁ አብረን እንሂድ።