ለሰፈራችን ሲስተር ምስጋና፣ ለቱሉ ዲምቱ ሴቶች ጥቆማ

በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያችን የሚያገለግሉትን ነርስ በአደባባይ ለማመስገንና ሌሎች ሴቶችም እንዲሄዱላቸው ለመጠቆም ይህን እጽፋለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ እንደ ሰፈሩ ሰው «ሲስተር» እላቸዋለሁ።

ታላቅ እህቴ ወደ እርሳቸው የሄደችው ለደም ግፊት ክትትል ነበር። ሲስተር ግን ግፊቷን ለክተው ብቻ አላሰናበቷትም፤ ጡቷን ተመርምራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት፣ ፈቃዷን አግኝተውም መጋረጃውን ስበው በእጃቸው መረመሯት። በግራ ጡቷ፣ ወደ ብብቷ በኩል፣ ጠንካራ እብጠት አገኙ። እህቴ ስለማያማት ነገሬ ሳትለው ቆይታ ነበር። ሲስተር አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር እንዳልሆኑ፣ ነገር ግን የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይኖረው አለማመሙ ዋስትና እንደማይሆን አስረድተው፣ በአልትራሳውንድና በመርፌ በሚወሰድ ናሙና እንዲጣራ ወደ ሆስፒታል ላኳት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ከዚያ በኋላ ስላደረጉት ነው። የሪፈር ወረቀት ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት የትራንስፖርቱ፣ የልጆቹ ጠባቂና የፍርሃቱ ነገር ተደራርቦባት ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ልታስቀምጠው ትችላለች። እህቴም አስቀድማ ጸበል ልትጠመቅ አስባ ነበር። ሲስተር እምነቷን አልነኩባትም፤ ጸበሉንም ሕክምናውንም አብራ እንድታስኬድ መከሯት፣ ቀጠሮ ማግኘቷንና ናሙና መስጠቷንም እየደወሉ ተከታተሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው የጡት ካንሰር እንቅስቃሴ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ቢያንስ 60 በመቶው ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ እንዲገኝ ግብ አስቀምጧል። በአገራችን ግን ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ክትትል ከመድኃኒት አይተናነስም። የእህቴ ውጤት ካንሰር ቢሆንም ወደ ብብት ዕጢዎች ሳይዛመት ስለተደረሰበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዛሬ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፌን የተባለ መድኃኒት እየወሰደች ሥራዋ ላይ ናት።

ሲስተር እኔንም አስጠርተው፣ እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ተጋላጭነቷ ከሌላው ከፍ ስለሚል በየጊዜው በባለሙያ መታየት እንዳለብኝ ነገሩኝ። የወር አበባ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡትንና ብብትን መዳሰስ፣ በመስታወትም ማየት አስተማሩኝ። አዲስ እብጠት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መታየት ያስፈልጋል። ጡት ማጥባት፣ ከአልኮል መቆጠብ፣ የሰውነት ክብደትን መቆጣጠርና መንቀሳቀስ አደጋውን እንደሚቀንሱ፣ ፈጽመው ግን እንደማያስቀሩት ሲናገሩ ያሳዩት ጥንቃቄ ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም እህቴ የታመመችው ባጠፋችው ጥፋት እንደሆነ አድርገው ያወሩባት ሰዎች ነበሩ። ወንዶችም፣ በጥቂቱ ቢሆን፣ በዚህ በሽታ እንደሚያዙ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው።

የየዕድሩ ኃላፊዎች በስብሰባችሁ ላይ እንዲያስተምሩ ብትጋብዟቸው ደስ ይላቸዋል። ለምርመራ የምትሄዱ ሴቶች ካርድ ክፍል ስትደርሱ «ጡት የሚመረምሩትን ሲስተር» ብላችሁ ጠይቁ። በእናታችሁም በአባታችሁም ወገን በጡት ወይም በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የታመመ ዘመድ ካለ፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ይህን መጠየቃቸው አይቀርምና።