የቴይለር ስዊፍት ዳግም የተቀዱ አልበሞች፦ አሁን ሁለቱም የእሷ ከሆኑ የቱን እንስማ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፣ የቸኮለ ይዞት ይሂድ። «ሬድ» እና «ፊርለስ» ላይ አዲሱን ስሙ። «ስፒክ ናው» ላይ እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ። «1989» ለጭፈራ ከሆነ አሮጌው ይሻላል፣ ለብቻ ቁጭ ብሎ ለመስማት ከሆነ ግን አዲሱ የሚሰጣችሁ ነገር አለው።

የማወራው አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍት እንደገና ስለቀዳቻቸው አራት አልበሞች ነው። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ቴይለርስ ቨርዥን»፣ ማለትም የቴይለር ቅጂ፣ የሚል አለባቸው። እኔ ጎንደር ውስጥ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ጥር ሲገባ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ድንኳን ለድንኳን ነው የምንዞረው፣ ስለዚህ ዘፈን ስሰማ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅንብሩ ነው። ከድምፃውያን ጋር ስለምውል ደግሞ የዘፈን ባለቤትነት ጉዳይ ለእኔ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2005 ቢግ ማሽን ከሚባል የናሽቪል የሙዚቃ ድርጅት ጋር ስትፈርም የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ማስተር፣ ማለትም ስቱዲዮ የተቀዳው ዋናው ድምፅ፣ የድርጅቱ ንብረት ሆነ። በ2018 ሪፐብሊክ ሪከርድስ ወደሚባል ሌላ የሙዚቃ ድርጅት ስትሄድ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሁሉ የራሷ እንዲሆን ተዋዋለች። የድሮዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። በ2019 የሙዚቃ ማኔጀሩ የስኩተር ብራውን ድርጅት ቢግ ማሽንን ከነማስተሮቹ ገዛው። በ2020 ደግሞ ማስተሮቹ ሻምሮክ ካፒታል ለሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጡ። ድምፁ የእሷ፣ ታሪኩ የእሷ፣ በሁለቱም ሽያጭ ግን እሷ ገዢም ሻጭም አልነበረችም።

ምን አደረገች? ዘፈኖቹን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ቀዳቻቸው። «ፊርለስ» በኤፕሪል 2021 ወጣ፣ «ሬድ» በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ «ስፒክ ናው» በጁላይ 2023፣ «1989» ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ። በመጨረሻም ሜይ 30 ቀን 2025፣ በእኛ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የስድስቱንም አልበሞች ማስተር ከሻምሮክ መልሳ መግዛቷን አሳወቀች። ቪዲዮዎቹ፣ የሽፋን ፎቶዎቹና ያልወጡት ዘፈኖችም አብረው መጡላት። የሙዚቃ መጽሔቱ ቢልቦርድ ዋጋው 360 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ጽፏል።

አሁን ታዲያ ጥያቄው ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ እሷን የሚወድ ሰው አዲሱን ብቻ ነበር የሚሰማው፣ አሮጌውን መክፈት ለሌላ ሰው ኪስ መሙላት ነበር። አሁን ግን ሁለቱም የእሷ ስለሆኑ በጆሮ ብቻ መምረጥ ይቻላል። እኔም ጎን ለጎን አድርጌ የሰማኋቸው በዚህ መንፈስ ነው።

ወደ አልበሞቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር መነገር አለበት፣ እዚህ እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነውና። ይህን ማድረግ የቻለችው ሀብታም ስለሆነች ብቻ አይደለም። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ግጥሙና ዜማው ነው። ሌላው የተቀዳው ድምፅ ነው። ድርጅቱ የያዘው ሁለተኛውን ነበር። ግጥምና ዜማውን ራሷ ነበር የምትደርሰው፣ አንዳንዴ ብቻዋን፣ አንዳንዴ ከሌሎች ጋር። ውሉ ደግሞ እስከተወሰነ ጊዜ ድረስ እንደገና እንዳትቀዳ ይከለክላታል እንጂ ለዘላለም አይደለም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሩ ተከፈተላት። ሌላም አለ። ፊልም ወይም ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ዘፈኗን ልጠቀም ሲል ከማስተሩ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ከደራሲዋም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ አሮጌውን እምቢ ብላ «አዲሱን ውሰድ» ማለት ትችል ነበር። እስክሪብቶዋ ባይኖር ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር።

እኛ ጋ እንዴት ነው? አንዲት ድምፃዊት ግጥሙን ከአንዱ ትገዛለች፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅንብሩን ከሦስተኛ ሰው። ሁሉንም ከኪሷ ከፍላ ስታበቃ ዘፈኑን ለዩቲዩብ ቻናል ባለቤት አንድ ጊዜ ተቆርጦ በሚሰጣት ብር ትሸጠዋለች። የአዝማሪ ቤቱማ ይባስ። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበላል፣ አንድ ሰው በስልኩ ይቀርጸዋል፣ ከዚያ ቻናሉ ላይ የሚያገኘው የቀረጸው ሰው ነው። አገራችን ሕግ አጥታ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ሕጉ «ከዋኝ» ለሚለው ለዘፋኙ፣ እንዲሁም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ ለየብቻ መብት ይሰጣል። ችግሩ ፊርማው ላይ ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ ድምፅዋ ሲነሳ ድንኳኑ ጸጥ ይላል። ዘፈኗን ለአንድ ቻናል ሰጥታ ነበር፣ ወረቀቱን በደንብ ሳታነብ። ዘፈኑ ታወቀ፣ ሰርግ ላይ ይጠየቃል። በኋላ ቅንብሩ አልጥምሽ ብሏት በሌላ ቅንብር ሠርታ በራሷ ቻናል ስትለቀው የቅጂ መብት ክስ ቀርቦባት ወረደ። ስልክ ደውላ «እታለም፣ በገዛ ድምፄ ሌባ ተባልኩ» አለችኝ። ግጥሙ የሌላ ሰው፣ ዜማው የሌላ ሰው፣ ቅጂው የሌላ ሰው። ምን ብዬ ልመልስላት? ቴይለር ስዊፍትን የምሰማው ይህችን ልጅ እያሰብኩ ነው፣ ለዚህም ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

እሺ፣ ወደ አልበሞቹ።

«ሬድ» ከአራቱ የበላይ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ2012 ነው፣ አዲሱ 30 ዘፈን ይዟል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ «ኦል ቱ ዌል» የአሥር ደቂቃ ቅጂ ነው፣ እውነትም ሊወራለት ይገባል። አሮጌው አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር። ረጅሙ ሲወጣ ሆት 100 በሚባለው የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ አንደኝነቱን ያዘ፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ እዚያ ቦታ ላይ የደረሰ ይህን ያህል ረጅም ዘፈን አልነበረም። አስቡት፣ ዘፈን በሁለት ደቂቃ ተኩል በሚያልቅበት ዘመን! እኔ በአሥር ደቂቃው አልተሰላቸሁም። በትዝታ ያደገ ጆሮ አይሰላችም። እኛ የምናውቀው ትዝታም እንደዚህ ነው፣ አዝማቹ አይቸኩልም፣ ስንኝ በስንኝ ላይ ይደራረባል፣ የተረሳች ትንሽ ነገር ተነስታ ሆድ ታስብሳለች። እዚህ ደግሞ ያቺ ትንሽ ነገር ሰው ቤት ተረስታ የቀረች ስካርፍ ናት። ቅንብሩ አንድ ዓይነት ዑደት ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ብዙ መሣሪያ አይጫንበትም፣ ድምፅዋን ለብቻዋ ፊት ላይ ያስቀምጣታል። ኪቦርድ የምትጫወቱ ካላችሁ አቀናባሪው የት የት ላይ ዝም እንዳለ አዳምጡ። እኛ ሰርግ ላይ ክፍተት ባየን ቁጥር የምንሞላው ነገር አለን፣ እዚህ ግን ክፍተቱ ራሱ ይሠራል።

ሌላው የ«ሬድ» ጥቅም ቀድሞ ያልወጡት ዘፈኖች ናቸው። በሁሉም አልበሞች ላይ አሉ፣ «ፍሮም ዘ ቮልት» ተብለው። ያኔ ከአልበሙ ተቀንሰው የቀሩ ናቸው። አሁን ማንም አይቀንስባትም። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ጥሩ አይደሉም፣ አንዳንዱ ያኔም የቀረው በምክንያት ነው። ግን የሚወጣውንና የሚቀረውን የምትወስነው እሷ መሆኗ ለእኔ ከዘፈኖቹ እኩል ዋጋ አለው።

«ፊርለስ» በ2008 ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር። በጣም የአገሯ ገጠር ሙዚቃ ነው፣ ባንጆና ፊድል፣ ማለትም ቫዮሊን፣ ያለበት። ፊድሉ ሲገባ ማሲንቆ የለመደ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ደጋኑ ሲጎተት የሚሰማው እንባ ያው ነው። የድሮው ላይ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ከፍ ስትል ትንፋሿ ያጥራል። በ31 ዓመቷ ስትደግመው ወለል ያለ፣ ታች ላይ ሥጋ ያለው ድምፅ ሆኗል። «ፊፍቲን» የሚለውን ሁለቱንም ተከታትላችሁ ስሙ። መጀመሪያ ስትዘፍነው የ15 ዓመቷን ትናንት የምታስታውስ ልጅ ነበረች፣ አሁን ግን ታላቅ እህት ታናሿን ስትመክር ነው የሚመስለው። ቃሉ አልተቀየረም። ዕድሜ ብቻ ገባበት።

«ስፒክ ናው» ላይ ግን አልስማማም። በ2010 የወጣው ሙሉ በሙሉ ብቻዋን የደረሰችው ነው፣ ሌላ ደራሲ የለበትም። የአልበሙ ጉልበት የሃያ ዓመት ልጅ ንዴት ነው። «ዲር ጆን» ላይ በዕድሜ የሚበልጣት ሰው የጎዳት ልጅ ድምፅ ሲሰበር ይሰማል። አዲሱ ላይ 33 ዓመቷ ነው፣ ቁስሉ ድኗል፣ ዜማው በጣም ተስተካክሎ ነው የሚወጣው። ተስተካክሎ መውጣቱ ነው የጎዳው። «ቤተር ዛን ሪቬንጅ» ላይ ደግሞ አንድ ስንኝ ቀይራለች፣ የድሮው ሌላ ሴት ላይ የሚሳደብ ስለነበር። መብቷ ነው፣ አልከራከርም። አሮጌውን የምመርጠው ግን ያኔ የተሰማትን እንደተሰማት ስለያዘ ነው።

«1989» የሽያጩ ንጉሥ ነው። አዲሱ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት 1.359 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል፣ በ2014 የወጣው የመጀመሪያው 1.287 ሚሊዮን ነበር። የተደገመ አልበም ዋናውን ሲበልጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ቅንብሩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የድሮውን ዋና ዋና ዘፈኖች ያቀናበረው ማክስ ማርቲን በአዲሱ ላይ የለም። ብዙውን እሷና ክሪስቶፈር ሮው አብረው ሠርተውታል። «ስታይል» ላይ ይታወቃል። የድሮው ጊታር እንደገባ ትከሻ ያነሳል፣ ቤዙ ወፍራም ነው። አዲሱ ላይ ጊታሩ ሳስቷል፣ ከበሮውም አይመታም። ትልቅ ስፒከር ላይ ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። በአንጻሩ ጃክ አንቶኖፍና ኢሞጀን ሂፕ ያኔ የሠሯቸውን ዘፈኖች ራሳቸው ተመልሰው ስለሠሩ እነዚያ አልተጎዱም። «ክሊን» በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ እንዲያውም ከድሮው የጠራ ነው። ቀድሞ ካልወጡት ውስጥ «ኢዝ ኢት ኦቨር ናው» ጥሩ ነው፣ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ስለማግኘቱ ትንሽ ልበል። «1989» የወጣው ጎንደር የሞባይል ዳታ በተቋረጠበት ወቅት ነበር። ብዙዎቻችን ጋ የደረሰው ዘግይቶ፣ በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። በዚያው አዲሱና አሮጌው ተደባለቀ፣ የፋይሉ ስም አንድ ነገር ይላል፣ ስትከፍቱት ሌላው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውም ያው ነው። አሁን ዳታ ስላለ ዩቲዩብ ላይ ከራሷ ቻናል ስሙ። ርዕሱ ላይ «ቴይለርስ ቨርዥን» ካለ አዲሱ ነው፣ ከሌለ አሮጌው። ፓኬጅ ለመቆጠብ ክሊፑን ትታችሁ ድምፁን ብቻ የያዘውን ምረጡ። ለጀማሪ ደግሞ ሙሉ አልበም ማውረድ አያስፈልግም፣ «ኦል ቱ ዌል» ረጅሙን፣ «ፊፍቲን» ሁለቱንም፣ «ስታይል» አሮጌውን፣ «ክሊን» አዲሱን ብቻ ብትይዙ የጻፍኩትን ሁሉ በጆሯችሁ ትፈትሹታላችሁ።

ስለ ቀሩት ሁለቱም የሚጠይቅ አይጠፋም። የመጀመሪያዋን፣ በስሟ የተሰየመውን አልበም፣ ደግማ ቀድታ እንደጨረሰች ተናግራለች፣ ገና አልለቀቀችውም። የ«ሬፑቴሽን»ን ግን ሩቡን እንኳ አልሠራሁም ብላለች። እኔ ባትሠራው ደስ ይለኛል። ያ አልበም ሕዝብ ሁሉ ሲሰድባት በነበረበት ሰሞን የተሠራ ነው፣ ያንን እልህ ደግሞ ስቱዲዮ ገብቶ መቅዳት የሚቻል አይመስለኝም። ማስተሩ ደግሞ አሁን የእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን እንዳለ ስሙት።