የአቃቂን ወንዝ የሚያጠና አንድ የምርምር ቡድን፦ ለመቀላቀል ለሚያስቡ ተማሪዎች የቀረበ ግምገማ

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአቃቂን ወንዝ የውኃ ጥራት የሚያጠና የምርምር ቡድን አለ። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት እዚያ ስለሆነ፣ መቀላቀል የሚፈልጉ ተማሪዎች አስቀድመው እንዲያውቁት የምፈልገውን ጽፌያለሁ። የዩኒቨርሲቲውንም ሆነ የአማካሪዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ለመግባት ጥሩ ውጤት ብቻውን አይበቃም። አመልካቹ ቡድኑ ካሳተማቸው ጥናቶች አንዱን አንብቦ ያልገባውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ይጠየቃል። ነባር ተማሪዎችም በቃለ መጠይቁ ስለምንቀመጥ፣ ሁሉም ገብቶኛል ብሎ የጻፈው አመልካች ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ሲንተባተብ እናያለን።

ቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው በመስክና በቤተ ሙከራ ሥራው ነው። ናሙና ለመቅዳት ወደ ትንሹ አቃቂ ስንወርድ ዋናው አማካሪ ራሳቸው ቦቲ ጫማ አጥልቀው ከፊት ይሄዳሉ። በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካል፤ ጠርሙሱ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ መጠኑ ይለወጣልና። ለክሮሚየምና ለመሰል ብረቶች ምርመራ የሚቀዳው ናሙና ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለበለዚያ ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ተማሪው ይህን ለምን እንደሚያደርግ ተጠይቆ «መመሪያው ስለሚል» ብሎ ከመለሰ ናሙናው ተደፍቶ እንደ አዲስ ይቀዳል። ይህን ከልክ ያለፈ ጥብቅነት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከክፍል ትምህርት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የቤተ ሙከራ መዝገብ በእስክሪብቶ ይጻፋል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ቀንና ፊርማ ይቀመጥበታል እንጂ በማጥፊያ ቀለም አይሸፈንም። የውኃው ባዮኬሚካዊ የኦክስጅን ፍላጎት፣ ማለትም ረቂቅ ተሕዋስያን በውኃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያብላሉ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን፣ ሲለካ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ቀናት መቆየት ስላለበት፣ መካከል ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ካጣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በእንዲህ ያለው ጉዳት አማካሪዎቹ ተቆጥተው አላየሁም። የሚቆጡት መብራት መጥፋቱን ሳይመዘግብ ቁጥሩን ብቻ ይዞ በሚቀርብ ተማሪ ላይ ነው።

ቅር የሚያሰኘው የደራሲነት ጉዳይ ነው። ተማሪው ምን እንደሚጠበቅበት ገና ሲገባ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ጽሑፉ ሲታተም የማን ስም እንደሚሰፍርና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ ግን የሚነግረው የለም። የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ኮሚቴ ያወጣው፣ ሌሎች ዘርፎችም የሚጠቀሙበት መመሪያ፣ ደራሲ ለመባል 4 መስፈርቶች በአንድነት መሟላት እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ እነሱም በሥራው ጉልህ ድርሻ መኖር፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂነትን መውሰድ ናቸው። በቡድኑ ውስጥ ግን ረቂቁን እንኳ ያላነበበ ሰው ስሙ ሲገባ አይቻለሁ። ታላላቆችን ማክበር ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ጥያቄ ማንሳት እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባም ነበር። ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በትሕትና ጠይቃችሁ መልሱን በኢሜይል ብታስቀሩት ይሻላል።

የረቂቅ እርማትም ይዘገያል። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት የሚውል ተማሪ ደግሞ ባይሞክረው እመክራለሁ፤ ቤተ ሙከራው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው።

ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት የቤተ ሙከራውን ቴክኒሻን ማነጋገር እንዳትረሱ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው የትኛው ኬሚካል እንዳለቀ፣ የትኛው መሣሪያ መለዋወጫ እንደሚጠብቅና ግዢው ምን ያህል እንደሚጓተት ከአማካሪዎቹ በተሻለ ያውቃሉ።