ከጥርሴ ጀርባ ላለችው ሽቦና ላሰሩልኝ ሐኪም

ሐኪሜ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም። «ሥራዬ ከጠቀመሽ ለሚፈልገው ሰው በጆሮው ንገሪው» ብለውኛል። ስለዚህ ስማቸውን እዚህ አታገኙትም፤ ብሬስ (ጥርስ ለማስተካከል የሚታሰረውን ማሰሪያ) ሊያወልቅ የተቃረበ ወይም ልጁ የተቃረበችለት ሰው በግል ይጠይቀኝ፣ በደስታ እጠቁማለሁ። ሽቦዋ ብሬስ ከወለቀ በኋላ የተስተካከለው ጥርስ ወደ ድሮው እንዳይመለስ የምትይዝ ናት፤ እዚህ የምጽፈው ሐኪሜን የማመሰግንበትን ምክንያት ነው። እሳቸው ዘንድ መሄድ የማትችሉ ሰዎችም የራሳችሁን ሐኪም ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚሁ ታገኛላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ጥርሴን መጀመሪያ ያሳሰርኩት በ15 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ብሬስ ተሸክሜ ስጨርስ፣ ያከመኝ ሰው የሚወልቅ የፕላስቲክ ሪቴይነር (የተስተካከለውን ጥርስ ቦታው ላይ የሚያቆይ መያዣ) ሰጥቶ «ማታ ማታ አድርጊው» አለኝና አሰናበተኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ምግብ ስበላ በሶፍት ጠቅልዬ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ጠረጴዛው ሲነሳ አብሮ ተጣለ። በማግስቱም በሳምንቱም ጥርሴ ላይ የተለወጠ ነገር ስላላየሁ ሌላ አላሠራሁም። ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱ በአንዱ ላይ ትከሻውን እያሳየ ሄደ። 29 ዓመት ሲሞላኝ ፎቶ ሲነሳ ከንፈሯን ገጥማ የምትስቅ ሴት ሆኜ ነበር። ጥፋቱን ዘግይቶ በበቀለው የመጨረሻው መንጋጋዬ ላይ አላክኩት። አሁን ላመሰግናቸው የተነሣሁት ሐኪም ይህን ስነግራቸው ሳቁ፦ «ሁሉም ሰው እሱን ይከሳል። ያ መንጋጋ ጭራሽ ያልበቀለላቸው ሰዎች ጥርስም ይጣበባል» አሉኝ።

ሁለተኛው ሕክምና 19 ወር ፈጀ። ብሬሱ ሊወልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ የተለየ ቀጠሮ ሰጡኝ፤ በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ አፌን እንኳ አላስከፈቱኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «ዛሬ የምንነጋገረው ስላለፈው 19 ወር ሳይሆን ስለሚመጣው 30 ዓመት ነው» አሉ። ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚያች ቀጠሮ ነው።

ጥርስ አጥንት ውስጥ በጥቃቅን ጅማቶች ታስሮ ነው የሚኖረው። ጥርሱ ቦታ ሲቀይር በሥሩ ዙሪያ ያሉት ጅማቶች በሦስት በአራት ወር ውስጥ ራሳቸውን ከአዲሱ ቦታ ጋር ያስማማሉ። ድዱ ውስጥ ያሉት፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡት ግን ዓመት ያህል ይፈልጋሉ፤ በተለይ ተጠማዞ የነበረ ጥርስ ከሆነ ወደ ድሮው ይጎትቱታል። «ከዓመት በኋላስ?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜ አለ። ብሬስ አድርገው የማያውቁ ሰዎችም የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ከዕድሜ ጋር ይጣበባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያወጡትን ጥናት ጠቀሱልኝ፦ ጥርስ ተነቅሎላቸው ከተስተካከሉ ሰዎች ውስጥ፣ መያዣውን ካቆሙ ከ20 ዓመት በኋላ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው አሰላለፍ ደህና ሆኖ የተገኘው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነበር። በ15 ዓመቴ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን ሶፍት ቆሻሻ ውስጥ ገብቼም ቢሆን እፈልገው ነበር።

ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ጥርሴ አልነበረም። «ቁልፍሽን በዓመት ስንት ጊዜ ትጥያለሽ?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። መልሱን መዝገቡ ላይ ጻፉት።

የሚወልቀው ሪቴይነር ጥርስን እንደ ልብ ለማጽዳት ይመቻል፣ ሁሉንም ጥርስ ይይዛል፤ የሚሠራው ግን አፍ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፈው ቋሚ ሽቦ ባለቤቱ ቢረሳውም ሥራውን ይሠራል። ሐኪሜ ግን ሽቦውን ሊሸጡልኝ አልሞከሩም፤ እንዲያውም ክፉ ክፉውን አስቀደሙ። ቆሻሻ ይይዛል፣ ካላጸዱት ሥሩ እንደ ጠጠር የሚደርቅ ክምችት ይሠራል፣ ድድ ይደማል። ከአንዱ ጥርስ ላይ ሳይታወቅ ሊላቀቅ ይችላል። የሚይዘው የተለጠፈባቸውን ጥርሶች ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ አያገባውም። ከሁሉም የደነቀኝ፣ ሽቦው ሲለጠፍ ውጥረት ኖሮበት ወይም በኋላ ተጣሞ ከሆነ ራሱ ጥርስ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሳይላቀቅ አንዱን ጥርስ ከድዱ እየገፋ ያወጣበትን ሰው ምስል አሳዩኝ። ስለዚህ «ቋሚ» ማለት ክትትል የማያስፈልገው ማለት እንዳልሆነ ሳልወስን በፊት አውቄ ነበር። ድዱ የታመመ ወይም ጥርሱን በወጉ የማያጸዳ ሰው ቢመጣ ጨርሶ እንደማይለጥፉለትም ነገሩኝ።

ሁለት ዓይነት ሽቦ እጄ ላይ አደረጉልኝ። አንደኛው ወደ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ድፍን ሽቦ፣ በሁለቱ ክራንቻዎች ላይ ብቻ የሚለጠፍ፤ ለማጽዳት ይቀላል፣ መሐል ያሉትን አራቱን ግን አጥብቆ አይዝም። ሌላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች እንደ ገመድ የተገመደ፤ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ስድስቱም ጥርስ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ጥርሶች ተጠማዝዘው ስለነበር ሁለተኛውን መረጥን። «መረጥን» ያልኩት አውቄ ነው።

ላይኛውንም በሽቦ ላስደርግ ፈልጌ ነበር። አሁን አፌን አስከፈቱኝ። ሰማያዊ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርሶቼ መካከል አድርገው «ንከሺ፣ አሁን ግራና ቀኝ አፋጪ» አሉ፤ ከዚያ መስተዋት ሰጡኝ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ፣ ሽቦው ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ታችኛው ጥርሴ በነከስኩ ቁጥር እዚያው ያርፋል ማለት ነው። «እዚህ ላይ ብለጥፈው በየወሩ እየሰበርሽ ትመጫለሽ» አሉ። ለላይኛው ማታ ማታ የሚደረግ ግልጽ ሪቴይነር፣ ለታችኛው ሽቦውና ሽቦው ላይ የሚገባ መጠባበቂያ ሪቴይነር ተወሰነልኝ። በሙቅ ውኃ እንዳላጥበውም አስጠነቀቁኝ፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይለቃል።

መለጠፉ ራሱ ቀላል ነው፣ አያምም። ጥርሱ በደንብ ይጸዳል፣ ሽቦውን የሚያጣብቀው ሙሌት እንዲይዝ አሲድ ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። አንድ ጠብታ ምራቅ ብትነካው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ እኔ ላይ አንድ ጊዜ ጀመሩ። በጥርሴ ልክ አስቀድሞ የታጠፈው ሽቦ ይቀመጣል፣ በየጥርሱ ላይ ትንሽ ሙሌት ይደረጋል፣ በሰማያዊ መብራት ይጠነክራል። ምላሴ ለአራት ቀን ያህል ከዚያ ቦታ አልነሣ አለ፤ አምስተኛው ቀን ላይ ረሳው።

ስለ ረዳታቸው ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ይቺ ልጅ በሽቦው ሥር የጥርስ ክር ማሳለፍን ካላሳየኋት ከወንበሩ ላታስነሣኝ ወስና ነበር። ጫፉ እንደ መርፌ ደረቅ ያለ ክር ሰጠችኝ፤ ከሽቦው ሥር ማስገባት፣ ወደ ግራ ጥርስ ተደግፎ ወደ ድዱ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍተቶች ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ መስተዋቱ ሁሉን ነገር ስለሚገለብጠው እጄ በተቃራኒው ይሄድ ነበር። «እኔ ላሳይሽ?» አላለችኝም፤ እጆቿን አጣምራ ጠበቀችኝ። ዛሬ ሁሉንም በሁለት ደቂቃ እጨርሳለሁ።

እሷ ያስተማረችኝ ሌላ ነገር ደግሞ በ11ኛው ወር አዳነኝ። በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱን ጥርስ በጣቴ ጫን እያደረግሁ በትንሽ መስተዋት ከኋላ እንዳየው ነግራኝ ነበር፤ ሽቦው ጠርዝ ላይ ምራቅ አረፋ ካወጣ ተላቋል ማለት ነው። አንድ እሑድ ማታ በግራ ክራንቻዬ ላይ ያቺን አረፋ አየኋት። ምንም አያምም፣ ሽቦውም ቦታው ላይ ነው። በማግስቱ ስደውል «መጠባበቂያውን ቀንም ማታም አድርጊና ነገ ነይ» አሉኝ። ሐኪሜ ሽቦው አለመጣመሙንና ጥርሱ አለመንቀሳቀሱን በመዝገብ ካስቀመጡት የጥርሴ ቅርጽ ጋር ካስተያዩ በኋላ ነው መልሰው የለጠፉት። «ተጣሞ ቢሆን ሙሉውን እቀይረው ነበር፤ የተጣመመ ሽቦ መልሶ መለጠፍ ጥርሱን ወደ ጠማማው ሂድ ብሎ ማዘዝ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ሳይጠይቁኝ አልቀሩም። እስክሪብቶ የማኘክ ልማድ አለኝ።

ነቀፌታ የለኝም አልልም። ቀጠሮ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ማብራሪያቸውም ረጅም ነው፤ ቸኩሎ ለሚመጣ ሰው አይመቹም። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

የሚቀጥለው ምርመራዬ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ዶክተር፣ ይህን ካነበቡት፣ ስምዎን አልጻፍኩም። እስክሪብቶውንም ትቻለሁ፤ ማለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ።