ለአባዬ የገዛሁት ቁጥር 16 የሲሊኮን ካቴተር

አባዬን በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት ከከለከለው 5 ወሩ ነው። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ በካቴተር፣ ማለትም ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሽንት በሚያስወጣ ቱቦ ነው የሚሸናው፤ ዕቃውን የምገዛው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የላቴክስ 16 ነበር የገባለት። በቱቦው ዳር እያፈሰሰ አንሶላውን ሲያረጥብብን አንድ መድኃኒት ቤት «ቀጥኖ ነው፣ ወፈር ያለውን ውሰጂ» ብለው 20 ሰጡኝ። አመንኳቸው። ከገባለት በኋላ አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ፣ ማፍሰሱም አልቆመ።

ቤት መጥታ የምትቀይርለት ነርስ ናት ያስረዳችኝ። ቁጥሩ የቱቦው የውጭ ውፍረት ነው፤ ለ3 ሲካፈል ሚሊ ሜትር ይሆናል። 16 ማለት 5.3 ገደማ፣ 20 ደግሞ 6.7። በእጅ ሲያዝ ልዩነቱ ምንም አይመስልም፣ ለሽንት መውጫ ግን ብዙ ነው። ሽንቱ ንጹሕ ለሆነ አዋቂ 14 ወይም 16 ይበቃል፣ ለሴት 12ም ይሆናል፤ 20 እና ከዚያ በላይ የሚታዘዘው በአብዛኛው የረጋ ደም ሲኖር ነው። ቱቦ የሚያፈሰው ደግሞ ፊኛ ሲኮማተር፣ ቱቦው ሲታጠፍ ወይም ሲደፈን፣ ሆድ ሲደርቅም ጭምር ነው። የአባዬ ድርቀት ነበር! ወደ 16 ተመለስን፣ ድርቀቱ ሲታከምለት አንሶላውም ደረቀ።

አሁን የያዝነው ሙሉ ሲሊኮን ነው። ከላቴክሱ ይወደዳል፣ ግን ወድጄዋለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በዚያው ቁጥር ውስጡ ይሰፋል፣ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ዝቃጭ ሲጠራቀም ይታያል፣ እሽጉ ላይም ሳይቀየር እስከ 12 ሳምንት ይላል። የማልወድለት ነገር፣ ባሉኑ (ቱቦው ፊኛ ውስጥ እንዲቆይ በውኃ የሚሞላው ከረጢት) ውኃውን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ሲወጣም የተሸበሸበው ባሉን ያሳምመዋል። ነርሷ ባሉኑን የምትሞላው በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ነው። ሳላይን (የጨው ውኃ) አይሆንም፣ ጨው ያለበት ፈሳሽ የባሉኑን መሙያ ቀዳዳ ሊደፍነው ይችላል።

ስትገዙ የጫፉን ቀለም እዩ፦ አረንጓዴ 14፣ ብርቱካናማ 16፣ ቀይ 18፣ ቢጫ 20። የባሉኑንም መጠን አንብቡ፤ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝም አለ፣ ሐኪም ካላዘዘው አትውሰዱ። ሽንት ጭራሽ ካቆመ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ዕቃ ፍለጋ አትዙሩ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አሁን የምገዛበት ፋርማሲ «የድሮውን እሽግ አሳዪኝ» ሳይል አይሸጥልኝም። እኔም እሽጉን አልጥልም፣ ከአባዬ ካርድ ጋር አስቀምጠዋለሁ።