ለደሴ ሪፈራሏ የማታ ተረኛ ሲስተር፣ አላህ ይስጥልን

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለችና አልጽፍም። ደሴ ሪፈራል ድንገተኛ ክፍል የማታ ተረኛ የነበረችውን ሲስተር ሳላመሰግን ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

አጎቴ ሐርቡ አካባቢ ሽንኩርት ያለማል። የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ዋለ፤ መርጫው ያፈስ ስለነበር ጀርባው በመድኃኒት ርሶ ነው የገባው። ማታ ላይ ላብ፣ ትውከት፣ ለሃጭ። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ «የምግብ መመረዝ ነው» ብለው ግሉኮስ ሰቀሉ፤ ክፍያው ላይ ግን አልተሳሳቱም። ምን ሲሠራ እንደዋለ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ቀጥሎ የሄድንበት ደግሞ ሰውዬው ደረቱ ሲር ሲር እያለ ካርድ አውጡ ሲሉን ቆይተው «መድኃኒቱ የለንም» አሉን። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሲስተር ገና ስታየው ሸሚዙን አሸተተች። «ምን ሲረጭ ነው የዋለው?» አለች። በስልኳ መብራት ዓይኑን አየች፤ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ወዲያው ዶክተሩን ጠራች፣ ጓንት አድርጋ ልብሱን አወለቀች፣ ከነፀጉሩ በሳሙና አጠበችው። ጠርሙሱንም ጠየቀችን። የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን፤ ማላታይን ነው።

ማርከሻው አትሮፒን ይባላል። ደረቱን እያዳመጡ፣ በየአምስት ደቂቃው እየጨመሩ ሰጡት። ፕራሊዶክሲም የሚሉት ሌላም አለ፤ ብታስረዳኝም አልገባኝም።

ሊነጋ ሲል አጎቴ ይቃዥ ጀመር፤ አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል። አክስቴ «አበደብኝ!» ብላ ጮኸች። ሲስተር ትከሻዋን ይዛ «አብሽሪ እናቴ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ይለቀዋል» አለቻት። ከንፈሩ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ደግሞ በጎዝ ውኃ እየነከረች ታረጥብለት ነበር። ማን አዘዛት? ማንም።

ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ ኩታበር ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አትፍጁ። ልብሱን አውልቁ፣ እጠቡት፣ ጠርሙሱን ወይ ፎቶውን ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ሪፈራል ሩጡ። እህል ውስጥ የሚደረገው የነቀዝ ክኒን ማርከሻ እንኳ የለውም ብላኛለች፤ እሱ ከሆነማ ይበልጥ ፍጠኑ።

አጎቴ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ኩንታል ሽንኩርት ካላደረስሽልኝ እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል፤ እሷ ደግሞ እምቢ ብላለች። ባልደረቦቿ ይህን ካያችሁ እባካችሁ እናንተ ተቀበሉልኝና ተካፈሉት።