የጫት ሱስ የያዘውን ወንድም ማናገር፦ ለብቻ ወይስ በሽማግሌ?

ለብቻ ማናገር፦ ወጪው ሁለት ማኪያቶ ነው። ጣጣው ሰዓቱ ነው። ምርቃና (የጫቱ ሞቅታ) ላይ ካገኘኸው ሁሉንም እሺ ይልሃል፤ ቢዝነስ ሳይቀር ይከፍታል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ይረሳዋል። ከበርጫ (ከመቃሚያው ሰዓት) በፊት ደግሞ ሐራራ፣ ማለትም የጫት አምሮት አለ፤ "ተወኝ" ብሎ ይነሳል። እኔን የቀናኝ እሁድ ረፋድ ነው፤ ሊስትሮ ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ።

ሽማግሌ፦ ክብደት አለው። የክርስትና አባቱ ፊት አይጮህም። ግን ገመናው ይወጣል። "አዋረዳችሁኝ" ብሎ ካኮረፈ መመለሻው ሩቅ ነው።

ሥራውን ካልተወ፣ ካንተም ካልተደበቀ፣ ለብቻ። የቤት ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ሽማግሌ። መጠጥ ወይም ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት) ከጨመረበት ግን ሐኪም ይቅደም፤ እነዚህን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው።